በመቆንጠጫ የታሰረው ምዕራፍ

ገዳዩን አስቀድሞ መናገር እኛ ዘንድ ከመግደል የባሰ ኃጢአት ነበር። አትሳቁ፣ የምሬን ነው። ጀርመን አገር፣ ጊንሃይም ሰፈር፣ እኔ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት የምንሰበሰብ አምስት ሰዎች ነበርን፤ ጡረታ የወጣን ወይም ልንወጣ አንድ ሐሙስ የቀረን፣ የድሮ መርማሪ ልብወለድ የለከፈን። የምንወዳቸው መጻሕፍት አንዱ ከሌላው ብዙም አይለይም። አንዲት የእንግሊዝ መንደር አለች፤ ቄስ፣ ሐኪም፣ ጠበቃ፣ ሀብታም አሮጊት። አሮጊቷ ሻይዋን ፉት ትልና ትሞታለች። ደም የለ፣ ጩኸት የለ፤ ሁሉም ጨዋ ነው፣ ሁሉም ይዋሻል። መጨረሻ ላይ መርማሪው ሁሉንም ሳሎን ሰብስቦ "ከእናንተ አንዱ ነው" ይላል። እኔ ለዚያች ቅጽበት ስል ስንት ድስት አሳርሬአለሁ።

ይህን ልክፍት ያጋቡብን ጋሼ ናቸው። በተማሪነት መጥተው፣ አገር ቤት ሲገለባበጥ እዚሁ የቀሩ፣ ዚንድሊንገን ሰፈር ኬሚካል ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሲመዝኑ፣ ሲቀምሙና ጠርሙስ ላይ ምልክት ሲለጥፉ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ በሃያ ሦስት ዓመቴ እዚህ ከተማ ስደርስ የማውቀው ጀርመንኛ "አመሰግናለሁ" እና "አልገባኝም" ብቻ ነበር። እሳቸው አንዲት የተጎሳቆለች ቀጭን መጽሐፍ ሰጡኝ። የመጨረሻው ምዕራፍ ገጾች በልብስ መቆንጠጫ ተይዘዋል። "ገዳዩ ማን እንደሆነና ለምን እንደሆነ በጀርመንኛ ሳታስረጂኝ ይህን መቆንጠጫ አትነኪም" አሉኝ። ሦስት ወር ፈጀብኝ። በሕይወቴ የተናገርኩት የመጀመሪያው ረጅም ጀርመንኛ "ሐኪሙ ነው፤ መድኃኒቱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው" የሚል ነበር። ተሳስቻለሁ። ጋሼ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁና ሌላ መጽሐፍ ሰጡኝ። ኋላ ያገኘሁት ሥራም ሆነ የሰው ወግ ከዚያች መቆንጠጫ የጀመረ ነው።

መቆንጠጫዋ የማኅበራችን ሕግ ሆነች። መጽሐፉን ሰው ያነበበውን በነጻ ከሚተውበት የመንገድ ዳር የመጽሐፍ ቁምሳጥን እናነሳለን፤ አንድ ቅጂ ብቻ። መጨረሻው ምዕራፍ በመቆንጠጫ ይታሰርና መጽሐፉ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፣ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ሳምንት። ሁላችንም እስከ መቆንጠጫው ካነበብን በኋላ በሚመጣው ቅዳሜ እያንዳንዱ የሚጠረጥረውን ይናገራል፤ ከዚያ ጋሼ መቆንጠጫውን አውልቀው የመጨረሻውን ምዕራፍ ወደ አማርኛ እየመለሱ ያነቡልናል። አነባበባቸው! ቄሱን እንደ ቄስ፣ አሮጊቷን እንደ አሮጊት።

ሌሎቻችን እነማን ነበርን? የጋሼ ባለቤት እትዬ፣ ሹራባቸውን እየሠሩ የሚያዳምጡ፣ ከአሥር ቃል ዘጠኙን የሚውጡ። አንድ ጡረታ የወጣ የትራም ሾፌር፣ በማንኛውም መጽሐፍ ወራሹን የሚጠረጥር፤ "ውርስ ካለ ወንድምም ጠላት ነው" ባይ። አንዲት ነርስ፣ እሑድ እሑድ በኪራይ አዳራሽ የምታመልክ ጴንጤ፤ ስትገባ ሁልጊዜ "ፓስተሬ እንዳይሰማ" ትላለች፣ ሁልጊዜም እንስቃለን። እና እኔ። እኔ ኒደርራድ ሰፈር አንድ ኢንሹራንስ ቢሮ ሃያ ስምንት ዓመት የሰው ውሸት ሳነብ ነው የኖርኩት። ቤቴ በውሃ ተጥለቀለቀ፣ ብስክሌቴ ተሰረቀ የሚል ደብዳቤ ሲመጣ እውነቱን ከሐሰቱ የምለየው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ከማንም በላይ አዋቂ ነኝ እል ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የምትለዋ ተረት ከአፌ አትጠፋም።

ነርሷ አንድ ቀን "ምነው አንጎሌን አጥቤ ያነበብኩትን ሁሉ እንደ አዲስ ባነበብኩት!" አለች። ሁላችንም አሜን አልን። ጋሼም አሜን አሉ።

ባለፈው ግንቦት ጋሼ የሚጠረጥሩትን ሲጠየቁ አንድ ስም ጠሩ። ሰውየው ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ሞቷል። የትራም ሾፌሩ "ጋሼ፣ ሙት አስነሡ እኮ!" ብሎ ጠረጴዛውን መታ፤ እኛም ተንከተከትን። ጋሼም ሳቁ፣ ግን ጆሯቸው ቀላ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳቱም። በየመጽሐፉ ገዳዩን ከነስሙ ከነአባቱ። "ጋሼ ወደ ድሮው ተመለሱ" አልን። ያን ጊዜ መጠርጠር የነበረብኝ እኔ፣ እጄን አጨበጨብኩ።

በመከር መጽሐፉ በመጨረሻ እኔ ዘንድ ደረሰ። በትራም ሾፌሩ፣ በነርሷና በእነ ጋሼ ቤት አልፎ ነው የመጣው። ሶፋዬ ላይ ተጋድሜ ሳነብ ገጽ ሠላሳ ምናምን ላይ በእርሳስ የተጻፈ አማርኛ አየሁ፦ "የወንድሟ ልጅ፣ ቁማርተኛ"። ዙሪያውን በአራት መስመር ሣጥን ተሠርቶለታል። እሺ፣ ስም የሚምታታበት ሰው ነው ብዬ አለፍኩ። ጥቂት ገጽ ቆይቶ "ይቺ ሞታለች"፣ ይህም በሣጥን። ከዚያ፣ ገና የመጽሐፉ እኩሌታ ሳይደርስ፣ ያው ሣጥን፦ "ገዳይዋ የቄሱ እህት ናት"።

ወይኔ! እንዲያ ተናድጄ አላውቅም። ብድግ ብዬ ሳሎኑን ዞርኩ። አንድ ሰው መቆንጠጫውን ፈትቶ መጨረሻውን አይቷል፤ ይባስ ብሎ ጽፎታል! ለልጄ ደውዬ ነገርኳት፤ እንደ ልማዷ በጀርመንኛ "መጽሐፍ እኮ ነው እማዬ" አለችኝ። ዘጋሁባት።

ከዚያ ምርመራዬን ጀመርኩ። ገጾቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ አዘንብዬ አየሁ። ሌሎች ቦታዎችም ላይ ተጽፎ ኋላ በላጲስ ጠፍቷል፤ ሣጥኑ እንደ ጠባሳ ይታያል። ገጾቹ መጋጠሚያ ውስጥ የላጲስ ፍርፋሪ አለ። ከፍርፋሪው ጋር ደግሞ የጥፍር ርዝመት ያላት ቢጫ የሱፍ ክር አገኘሁ። ክሯን በወረንጦ አንስቼ ፖስታ ውስጥ ከተትኳት። ቢጫ ሱፍ ያን ሰሞን እጁ ላይ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፦ እትዬ፣ ለልጅ ልጃቸው ሹራብ ሲሠሩ።

በቃ፣ ተያዙ አልኩ። ጽፈዋል፣ ፈርተዋል፣ አጥፍተዋል፣ ሁሉንም ግን አላዳረሱም። ዝምተኛ ሰው ነገረኛ ነው የሚባለው ለካ እውነት ነው አልኩ። አሁን ሳስበው ለእትዬ ስልክ መትቼ "ምን ተፈጠረ?" ብል ያልቅ ነበር። ግን እኔ መገላገል መች ፈለግሁ? ዕድሜ ልኬን ሳነብ የኖርኩትን ያን የሳሎን ትዕይንት ፈልጌ ነው። ሰው ሰብስቤ፣ ቆሜ፣ ጣቴን ቀስሬ። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

ቅዳሜ ደረሰ። የፖም ኬክ ጋገርኩ፣ ወንበሮቹን በግማሽ ክብ ደረደርኩ፣ ሻይ ቀዳሁ። ጋሼ መቆንጠጫውን ሊያወልቁ እጃቸውን ሲሰነዝሩ "አንዴ ይቆዩኝ ጋሼ" ብዬ ተነሣሁ። "ከመካከላችን አንዱ ወንጀል ሠርቷል" አልኩ። የትራም ሾፌሩ "እልልል በሉ!" ብሎ ወንበሩን አስጠጋ፤ ነርሷ ኬኳን አስቀመጠች። ጨዋታ መስሏቸዋል። እኔም በጨዋታ ነበር የጀመርኩት፤ እየተናገርኩ ስሄድ ግን ንዴቴ መጣ። ስለ መቆንጠጫው ተናገርኩ፤ አርባ ዓመት ስላከበርነው ሕግ፣ ስለ እርሳሱ፣ ስለ ሣጥኖቹ፤ "ገዳይዋ የቄሱ እህት ናት" የሚለውንም አነበብኩላቸው። "ጽፎ ያጠፋው ሰው አንድ ነገር ጥሎ ሄዷል" ብዬ ወደ ፖስታው እጄን ስዘረጋ፣ ገና ሳልከፍተው፦

"እኔ ነኝ" አሉ እትዬ።

ሹራቡን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀና ብለው ነው ያሉት። እኔ ግን ክሬን ሳላሳይ ማመናቸው አበሳጨኝ እንጂ ሌላ አልታየኝም። "ለምን እትዬ?" አልኩ። "መጨረሻውን ለማወቅ ቸኮልኩ። ይቅር በሉኝ" አሉ።

ነርሷ ልታስቅ ሞከረች፦ "እትዬ፣ ይህን ፓስተሬ ቢሰማ!" ማንም አልሳቀም። የትራም ሾፌሩ "እኛ ለመገመት አናታችን ሲዞር ከርሞ፣ ለካ መልሱ በየገጹ አለልሽ!" አለኝ ቅር ብሎት፤ ለእኔ ይናገር እንጂ ነገሩ ለእትዬ ነበር። ከዚያ ጋሼ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "አንቺ? እኔ ያወጣሁትን ሕግ? ሰው ፊት አሳፈርሽኝ!" አሏቸው። እትዬ አንገታቸውን ደፉ። ሹራባቸውን ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ፣ የጋሼን ካፖርት አነሡ፣ አለበሷቸው። ያን ቀን የመጨረሻው ምዕራፍ አልተነበበም። ለካስ ሁላችንም አውቀነዋል።

ከዚያ ወዲህ እነ ጋሼ ቀሩ። አንዴ ጉንፋን፣ አንዴ ቴርሚን፣ የሐኪም ቀጠሮ ማለት ነው፣ አንዴ ዝም። የትራም ሾፌሩ "ይለፍ፣ ተዪያቸው" ቢልም ራሱም መምጣት አሰለቸው። በሦስተኛው ሳምንት ሶፋዬ ሥር የእትዬን የሹራብ መርፌ አገኘሁ። ምክንያት አገኘሁ ብዬ ኤስ-ባን ባቡር ተሳፍሬ እነ ጋሼ ቤት፣ ዚንድሊንገን ወረድኩ። እውነቱን ልናገር፣ የሄድኩት ይቅርታ ለማለት አልነበረም፤ ይቅር ለማለት ነበር።

በሩን የከፈቱልኝ ጋሼ ናቸው። እትዬ መድኃኒት ቤት ሄደዋል። "ነይ ግቢ፣ ግቢ፣ ሻይ ላፍላልሽ" ብለው እየተደሰቱ ወደ ወጥ ቤት መሩኝ። እዚያ ቆሜ ቀረሁ። የወጥ ቤቱ ቁምሳጥን በሮች ሁሉ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። "ስኳር"። "ብርጭቆ"። ምድጃው ላይ "አጥፋ"። በሩ ላይ "መታጠቢያ ቤት፣ በግራ"። ሁሉም በእርሳስ፣ በዚያው እጅ፣ ዙሪያውን በአራት መስመር ሣጥን። ሠላሳ ዓመት ጠርሙስ ላይ ምልክት የለጠፈ ሰው ጽሕፈት። ጋሼ ቁምሳጥኖቹን አንድ በአንድ እያነበቡ ሻይ ቅጠል ይፈልጋሉ። ወረቀቱ ዓይናቸው ፊት ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አይደል የሚባለው? ሁሉም ነገር አሁን መጣልኝ። የግንቦቱ ሙት። የቀላው ጆሮ። ከዚያ ወዲህ ያለ ስህተት መገመታቸው። መቆንጠጫውን የፈቱት ቅዳሜ እንዳንስቅባቸው ነው፤ ስሙን የጻፉት እስከ ቅዳሜ እንዳይጠፋቸው ነው፤ መጻፋቸውን ደግሞ ረስተው እንደገና ጽፈዋል፣ እንደገና። እትዬ ሹራባቸውን እያስቀመጡ ከኋላ ከኋላ ሲያጠፉ ከርመዋል።

እትዬ ሲመጡ ፊቴን አይተው ሁሉንም አወቁ። ክንዴን ይዘው ደረጃው ላይ አወጡኝና በሩን ገርበብ አደረጉት።

"አየሽው" አሉ።

"እትዬ፣ ለምን እኔ ነኝ አሉ? ለምን አላቋረጡኝም?"

"ምን ብዬ? ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ አንቺ ቆመሽ፣ ጣትሽ ወደ እሱ ሊዞር ነው ብዬ።" ጣቴ ወደ እሳቸው እንጂ ወደ ጋሼ አልነበረም። ይህን አልነገርኳቸውም። ዝም ቢሉ ኖሮ እንኳ ክሬን አውጥቼ እሳቸውን ነበር የምከስሰው፤ የቸኮሉት ለባላቸው ነው።

ስለ ሐኪሙ ነገሩኝ። ጋሼን ሰዓት እንዲስሉ አዘዛቸው፦ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር። ጋሼ እንዳገራችን አስልተው አጭሩን ዘንግ አምስት ላይ አደረጉት። ሐኪሙ ስህተት ብሎ ጻፈ። "የኛ አቆጣጠር ነው ብዬ ብጮህ ማን ይሰማኛል! በስድስት ይቀነሳል ብዬ በጣቴ ቆጥሬ አሳየሁት" አሉ እትዬ። "አንዳንዴ እሱ ልክ ነበር፣ ሐኪሙ ነው የተሳሳተው እላለሁ። ከዚያ ቁጥሮቹ ሁሉ በአንድ ወገን ተጨናንቀው፣ ሌላው ወገን ባዶ መሆኑ ትዝ ይለኛል።"

"ለሌሎቹ ልንገራቸው እትዬ። ስምዎን ላጽዳ። እግራቸው ላይ እንድወድቅ ከፈለጉ እወድቃለሁ።"

"ወየው ለአንቺ!" አሉኝ። ከአፋቸው ቁጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። "ከንፈር እየመጠጡ እንዲያዩት ነው? ቅዳሜ ቅዳሜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲያወሩት? እኔን መጽሐፍ አበላሸች ይበሉኝ፤ ምን ይጎድልብኛል? እሱ ግን ጋሼ እንደተባለ ይቆይልኝ። ሌሎቹን ማሉልኝ አልልም፣ አንቺ ብቻ ማይልኝ።" ማልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እያለች እናቴ ስታሳድገኝ ኖራለች፤ እኔ ግን ሌላውን መመርመር እንጂ መስማት መች አውቄ።

ስንት መጽሐፍ አንብቤአለሁ! በሁሉም ውስጥ ማስረጃ ሳይቀርብበት ቶሎ ያመነ ሰው የሚሸፍነው ሰው አለው። ጀማሪ አንባቢ የሚያውቀውን እኔ ፊቴ ቆሞ አላየሁትም።

እትዬ ማክሰኞ ማክሰኞ ለወገባቸው ሕክምና ቴርሚን ስላላቸው፣ ያን ሰዓት ጋሼ ዘንድ እኔ እቀመጣለሁ። ያችኑ በቄሱ እህት የምታልቀውን መጽሐፍ፣ ሣጥኖቹን በላጲስ አጥፍቼ፣ እናነባለን፤ ለጋሼ አዲስ ናት። የነርሷ ምኞት እሳቸው ላይ ደረሰ። በመጀመሪያው ማክሰኞ ደስ ብሎኝ ነበር፤ በየገጹ ይደነቃሉ፣ ጭናቸውን ይመታሉ፣ ጠበቃውን ይጠረጥራሉ። ከዚያ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ዘጉ።

"አንድ ነገር ላማክርሽ" አሉኝ። "ያን ቀን አንቺ ቤት። ፖስታውን ሳትከፍቺው ነው እሷ ያመነችው። ቶሎ አመነች። እንዲህ ያለ ሰው የሚሸፍነው አለው። እሷ ደግሞ ከእኔ በቀር የምትሸፍነው ማን አላት?" ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው የድሮው የጋሼ ዓይን ነው፣ ንጹሕ። "እኔ ነኝ አይደል የጻፍኩት?"

ለእሳቸው መዋሸት አልቻልኩም። "አዎ ጋሼ" አልኩ። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። "ሰው ፊት አሳፈርሽኝ አልኳት እኮ" እያሉ አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ። እትዬ ከመምጣታቸው በፊት ፊታቸውን ታጥበው "ማወቄን እንዳትነግሪያት" አሉኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ማልኩ።

በሳምንቱ ሄድኩ። መጽሐፉን ከመጀመሪያው ጀመርን። ተደነቁ፣ ጭናቸውን መቱ፣ ጠበቃውን ጠረጠሩ፣ መጽሐፉን ዘጉ። "አንድ ነገር ላማክርሽ" አሉኝ። የበሉበትን ይረሳሉ፣ ያን ቅዳሜ ግን አይረሱም፤ የሚረሱት ነገሩን መፍታታቸውን ነው። ያንኑ ምርመራ በዚያው መንገድ አንድም ሳያጓድሉ ሄዱበት፤ ፖስታው፣ መቸኮሏ፣ የምትሸፍነው ሰው። በዚያችው ሰዓት እንደ አዲስ ደረሱበት፣ እንደ አዲስ አለቀሱ። "ሰው ፊት አሳፈርሽኝ አልኳት እኮ።"

ሦስተኛው ማክሰኞ ስሄድ በኤስ-ባኑ ውስጥ ተዘጋጀሁ። ይህን ሰው በየሳምንቱ አላስለቅስም አልኩ። ሃያ ስምንት ዓመት ውሸት ያነበበች ሴት አንዲት ደህና ውሸት መፍጠር አያቅታትም አልኩ። ማስረጃውን ሁሉ ደረደርኩት፦ ክሩ ቢጫ ነበር፣ ሹራቡ የእትዬ ነበር፣ ያጠፉትም የጻፉትም እሳቸው ናቸው። እኔ ራሴ አምኜበት የነበረ ነገር አይደል?

ጋሼ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ዘጉ። ፖስታውን አነሡ፣ መቸኮሏን አነሡ። ቀና ብለው አዩኝ፤ "እኔ ነኝ አይደል የጻፍኩት?"

"አይደሉም ጋሼ፤ እትዬ ናቸው" አልኩ።

ከዚያ እጃቸውን እጄ ላይ አስቀመጡ።

"ቶሎ መለስሽ" አሉኝ።